ወደ ቀንድ አውጣዎች ኮረብታ መግቢያ ሰባት ወረቀቶች

የድኩላ ሚስት ሞታለች። ድኩላ ግን አልሰማም።

ይህ የሆነው እንስሳት በሚናገሩበት፣ ወረቀት ደግሞ ከእንስሳት አስበልጦ በሚናገርበት ዘመን ነው። ድኩላ በአንድ የቆላ ጫካ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር፣ ከአንዲት ሴት ግልገሉ ጋር ይኖር ነበር። ሚስቱ ሸጊቱ ከባሕር ማዶ፣ በቀንድ አውጣዎች ኮረብታ ሥራ ላይ ነበረች። ቀንድ አውጣዎች አርጅተዋል። ልጆቻቸው ዛጎላቸውን ተሸክመው ወደ ትልልቅ አገር ሄደዋል። የሽማግሌዎቹን ዛጎል የሚወለውል ስለ ጠፋ፣ ከቆላው ጫካ እያስመጡ ያስወለውሉ ነበር። ሸጊቱ ሦስት ዓመት ወለወለች። በአራተኛው ዓመት አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ጨርቁን እንደያዘች ወደቀች።

ቀንድ አውጣዎች ደብዳቤ ጻፉ። የባሏን ስም የሚያውቅ ስላልነበረ ደብዳቤው ለጫካው እድር ተላከ። እንዲህ ይላል፦ «እኛ በምንም ነገር አንቸኩልም፤ በቀብርም አንቸኩልም። ሟቿን በበረዶ ቤት አስቀምጠናታል። ዘመድ ካላት በአርባ ቀን ውስጥ መጥቶ አፈር ያልብሳት። ከዚያ በኋላ እኛው እንቀብራታለን።» ደብዳቤው ሲደርስ ከአርባው ቀን ዘጠኙ አልቋል። የላኩት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ይህም ፈጥኗል።

የእድሩ ሊቀ መንበር አያ ጅቦ ነው። ለምን እሱ እንደ ተመረጠ ማንም አይጠይቅም፤ በጫካው ታሪክ ከቀብር ቀርቶ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው። ጸሐፊዋ እመት ጦጢት ናት፤ ለፊደል ለማያውቁት ሁሉ ፎርም እየሞላች ትኖራለች። የእድሩን ድንኳንና ድስት የምትጠብቀው እማማ ኤሊ ናት።

እድርተኛው ከትልቁ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ድኩላ አልተጠራም። አያ ጅቦ ደብዳቤውን አስነበበና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወገኖቼ፣ ሁለት ጉዳይ አለ። አንደኛ፣ ድኩላ ሚስቱን በእጁ አፈር ማልበስ አለበት። ሚስቱን ያልቀበረ ባል ዕድሜ ልኩን መንገድ መንገድ ሲያይ ይኖራል። ሁለተኛ፣ መርዶውን ማን ይንገረው?»

በዚያ ጫካ መርዶ እንደ ድንጋይ አይወረወርም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሐዘንተኛው እህል መቅመሱ ተጣርቶ፣ ከግራና ከቀኝ ደግፎ የሚይዘው ቆሞ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ድረስ ሟች «ትንሽ አሟታል» ትባላለች። በዚያ ጫካ ትንሽ አሟት የዳነች እንስሳ የለችም።

«አሁን ብንነግረው ጉልበቱ ይከዳዋል» አለች ጦጢት። «የመግቢያ ወረቀቱን ማን ይጨርስለታል? ትንሽ አሟታል እንበለውና ይሂድ። እዚያ ሲደርስ ያረዱታል።»

«ማን ነው የሚያረዳው? ቀንድ አውጣ?» አለች እማማ ኤሊ።

«ቀንድ አውጣም ቢሆን ሆድ አለው፣ እማማ።»

«ሆድስ አለው፤ አንደበት ነው የሌለው። ደግሞ ልጄ፣ የማለፊያ ወረቀት የምትሰጠው የመስኮቷ ዝይ የእኛን ደንብ አታውቅም። ዛሬ ንገሩት። አልቅሶ ይሂድ።»

«እማማ ኤሊ፣ እርስዎ እኮ እግርዎ ዘገምተኛ፣ ምላስዎ ፈጣን!» አለ ጅቦ። ሸንጎው ሳቀ። እጅ ይውጣ ተባለ። ሠላሳ አንድ እጅ «ትንሽ አሟታል» ብሎ ወጣ። ተቃዋሚዋ አንዷ ኤሊ ነበረች፤ እሷ እጇን ከድንጋይ ልብሷ እስክታወጣ ስብሰባው ተበተነ።

ለድኩላ ነገሩት። ድኩላ የጫካው ልጅ ነው፤ ቃሉን መጠርጠር ነበረበት። ነገር ግን ደንቡን ሁሉም ለጎረቤቱ እንጂ ለራሱ አያስታውሰውም።

«በጣም ነው እንዴ ያመማት?» አለ።

«ትንሽ ነው አልንህ እኮ!» አለ ጅቦ ተቆጥቶ።

የቀንድ አውጣዎች ኮረብታ ትንሽ አገር ናት። ዝሆን ቢቀመጥባት ጅራቱ ውጭ ይቀራል። በሯ ላይ «ቪዛ አንጠይቅም፤ እንኳን ደህና መጣችሁ» ተብሎ ተጽፏል። እውነት ነው፣ አይጠይቁም። ግን ኮረብታዋ ዙሪያዋን በዝዮች አገር ተከባለች፤ በዝዮች ደጅ ሳያልፍ የሚደርስባት የለም። ዝዮች ደግሞ ይጠይቃሉ። ቤቴ ክፍት ነው፤ ግቢው ግን የጎረቤት ነው እንደ ማለት ነው።

ዝዮቹ በጫካው ጫፍ አንድ መስኮት ከፍተዋል። መስኮቱ ላይ አንገቷ የረዘመ ዝይ ተቀምጣለች። ሰባት ወረቀት አምጣ አለችው።

መጀመሪያ ፎቶ ነው። ድኩላ ፎቶውን ሰጣት፤ መለሰችለት።

«ራስ መሸፈኛ አድርገዋል።»

«ቀንዴ ነው።»

«ያውልቁትና ይነሱ።»

ጦጢት በነጭ ቀለም ቀንዱን ከፎቶው ላይ አጠፋችለት። ድኩላ አየውና «ፍየል መሰልኩ እኮ!» አለ። «ፍየል ቶሎ ያልፋል፤ ዝም በል» አለችው።

ሁለተኛው የሠላሳ ቀን ሣር እንዳለው የሚያሳይ ነው። እድርተኛው ሁሉ ከቤቱ ሣር እያመጣ በድኩላ ደጅ ቆለለ። ምስክር መጥቶ አይቶ ፈረመ። ምስክሩ ጎሽ ነበር፤ እየፈረመ ግማሹን በላ። ሦስተኛው የመመለሻ ቲኬት፣ አራተኛው የጤና የምስክር ወረቀት ነው፤ እነዚህ በደህና አለፉ። አምስተኛው ዋስትና ነው። «መንገድ ላይ ቢሞት ሬሳውን የሚያነሳ ማነው?» ብላ ዝይዋ ጠየቀች። አያ ጅቦ ደረቱን ነፍቶ «እኔ አለሁ!» አለ። ዝይዋ ጥርሱን አየች፤ ሌላ ዋስ አምጡ አለች።

ስድስተኛው እንደሚመለስ ማረጋገጫ ነው።

«ልጄ እዚህ ናት» አለ ድኩላ። «እንዴት አልመለስም?»

«ልጅ ማረጋገጫ አይሆንም። በስምዎ መሬት አለዎት?»

«መሬቱ የጫካው ነው።»

«እዚህ የሚይዝዎት ሥር አለዎት?»

«ሥር ያለው ዛፍ ነው፣ እመቤቴ።»

«ዛፍ ቢያመለክት ዛሬውኑ እንሰጠው ነበር» አለች ዝይዋ። ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እማማ ኤሊ የእድሩን ድንኳን መያዣ ሰጥታ ስድስተኛው ወረቀት ተገኘ።

በዚህ መሀል ቀኑ ሄደ። ሠላሳ አራተኛው ቀን ላይ ሰባተኛው ወረቀት ብቻ ቀረ። የግብዣ ደብዳቤ ነው፤ ጋባዡ ራሱ የፈረመበት።

«ይሄስ ቀላል ነው» አለ ድኩላ ደስ ብሎት። «ሸጊቱ ትፈርማለች። ዛሬውኑ ልጻፍላት።»

ጅቦና ጦጢት ተያዩ።

«በሽተኛ ታደክማለህ እንዴ?» አለች ጦጢት። «እሱን ቀድማ ልካልኛለች፤ እኔ ጋ ነው።»

ጦጢት ቤቷ ገባች። ሸጊቱ አምና ለጎረቤት ከላከችው የበዓል ደብዳቤ ላይ የኮቴዋን ምልክት አየች፤ አጥንታ አስመስላ አተመችው። ክፋት አልነበራትም። ጦጢት ሥራዋ ንጹሕ ነው፤ ቀን የሌለው ወረቀት አትወድም። ስለዚህ በማግስቱ ጽፋ ስትጨርስ፣ ያን ዕለት የነበረውን ቀን ከግርጌው አሳምራ ጻፈችበት።

በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ድኩላ ተጠራ። ጸጉሩን አበጥሮ፣ ለሸጊቱ የምትወደውን የግራር ፍሬ በቅጠል ቋጥሮ መስኮቱ ፊት ቆመ። ከኋላው ጉማሬ ሰልፍ ይዟል።

«የጉዞዎ ምክንያት?» አለች ዝይዋ።

«ባለቤቴን ትንሽ አሟታል።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

«እንጃ። ትንሽ ነው ያሉኝ።»

ዝይዋ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አደረገች። አንገቷን ወደ አንዱ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ዘረጋች።

«ጋባዥዎ ይህን የፈረሙት ሚያዝያ አሥራ ሁለት ነው።»

«ይሆናል።»

«ከቀንድ አውጣዎች የመጣው መዝገብ ጋባዥዎ መጋቢት ሰባት ሞተዋል ይላል። ሟች አይፈርምም። ሰነዱ ሐሰተኛ ነው።»

ድኩላ አልገባውም። «ማነው የሞተው?»

«ጋባዥዎ።»

«ጋባዤማ ሸጊቱ ናት።»

«አዎ» አለች ዝይዋ፣ ስሙን በክንፏ ጫፍ እያሳየችው። «ሸጊቱ። ትክክል ነው።» ማህተሙን አነሳችና ወረቀቱ ላይ መታች። «ለአምስት ዓመት ማመልከት አይችሉም። ቀጣይ!»

ከግራው የሚደግፈው አልነበረም። ከቀኙ ግድግዳ ነበር፤ ግድግዳውን ተደገፈ። ጉማሬው ከኋላ «ወንድሜ፣ ከጨረስክ ዞር በልልን» አለው። ድኩላ ዞር አለለት።

ደጅ ላይ ሦስቱ ይጠብቁታል። አያ ጅቦ ፊቱን አየና ለሙሾ አፉን ከፈተ።

«አያ ጅቦ፣ ተወው» አለ ድኩላ። «ተረድቻለሁ።»

«ማን አረዳህ?»

«ማህተም።»

ጦጢት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ለአንተ ብለን እኮ ነው! እንዳትጎዳ ብለን!»

«አውቃለሁ፣ እመት። ሠላሳ አንድ ሆናችሁ አሰባችሁልኝ።»

እማማ ኤሊ «ብያችሁ ነበር» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች።

ድንኳኑ በዝዮች እጅ መያዣ ስለ ነበር ለቅሶው ከዋርካው ሥር ሆነ። ሁሉም መጣ። ጦጢት ውኃ ቀዳች፤ ጅቦ ማንንም ሳይበላ እንግዳ ተቀበለ። ግልገሏ ያን ሁሉ እንግዳ አይታ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እየዘለለች ትስቅ ነበር። ድኩላ ጠራትና ጆሮዋ ላይ ቀስ ብሎ ነገራት። በቀን ብርሃን፣ ሳያድር ነገራት። አንገቱ ሥር ገባች።

ከለቅሶኞቹ መሀል አንዲት ሽመላ ነበረች። በየዓመቱ ብርድ ሲሆን ከማዶ ትመጣለች፤ የጫካውን ዓሣ በልታ ሙቀት ሲሆን ትመለሳለች። ጓደኞቿ ቀድመው ሄደዋል፤ እሷ አርጅታ ወደኋላ ቀርታለች።

«እግዜር ያጽናህ ልጄ» አለችው። «እኔም ወደዚያው ነኝ። ጎጆዬ እዚያ ኮረብታ ላይ ነው። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ እነሳለሁ፤ በሦስተኛው ቀን እደርሳለሁ።»

ድኩላ ቀና አለ። «ስንት ወረቀት ይዘዋል?»

«የምን ወረቀት?»

«እዚህ ሲመጡስ ማን ጠየቀዎት?»

አያ ጅቦ አፈረ። «እንግዳ ወረቀት ይጠየቃል እንዴ? ነውር አይደለም?»

ድኩላ ወደ ሽመላዋ ጠጋ አለ። «እማማ ሽመላ፣ እኔ አፈር ላለብሳት አልቻልኩም። ከደጃችን አንድ አፍ አፈር ይያዙልኝ።»

«ወረቀትስ አይጠይቁኝም። አፌን ግን ከፍተው ያያሉ፤ የባዕድ አፈር ማስገባት ክልክል ነው።»

«እግርዎንስ?»

«እግሬን ማን ያየዋል? የሽመላ እግር መቼ ከጭቃ ተለይቶ ያውቃል?»

ድኩላ ተነሳ። ወንዙ ዳር፣ ሸጊቱ ግልገሏን የወለደችበት ቦታ ላይ፣ መሬቱን በኮቴው ቆፈረ። ውኃ አፈሰሰበት። ረገጠው። ግልገሏ መጥታ አጠገቡ ረገጠች። ጭቃው ሲልም ሽመላዋ ገብታ ቆመች፤ እስከ ጉልበቷ ቀቡላት።

«ውኃ ላይ ስበር እንዳይታጠብ፣ ይድረቅ» አለች ሽመላዋ።

«ጭቃ ሆኜ ብፈጠር ኖሮ» አለ ድኩላ «እስካሁን ደርሼ ነበር።»

ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። ድኩላ ተንበረከከ፤ የሽመላዋን ሁለት እግር፣ አንዱን ከዚያም ሌላውን፣ እስኪደርቅ ድረስ በትንፋሹ እፍ አለው።