የአቶ ተሰማ ኮክ

ፈረንጅ ቤት ምግብ ሲያበስል የኖረ ጎረቤት አጋጥሟችሁ ያውቃል? እንዲህ ያለ ሰው እግዜር የሰጠውን ፍሬ እንዳለ መብላት አይሆንለትም። በጃንሆይ ጊዜ ኮልፌ ጎረቤታችን የነበሩት አቶ ተሰማ እንዲያ ነበሩ። ጓሯቸው ያፈራውን ኮክ ልጠው በቀይ ወይን ጠጅ፣ በቀረፋና በቅርንፉድ ይቀቅሉታል። ካልታመመ በቀር ማን ፍሬ ቀቅሎ ይበላል?

አንድ የክረምት እሑድ ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። ለሐጂ ሸሪፍ ብቻ ያለ ወይን ጠጅ፣ በስኳር ውሃ፣ በሌላ ድስት ሠርተውላቸዋል። እኛ ኮኩን በማንኪያ ገፋ እያደረግን መረቁን ጠጣን። ከዚያም ሳህናችንን ዘርግተን፣ "ጋሽ ተሰማ፣ እስቲ ከመረቁ ይጨምሩልን" አልን። ኮኩ እንዳለ ነው።

ሐጂ ግን በማንኪያ እየቆረሱ፣ እያጣጣሙ፣ ዘሩን ብቻ አስቀርተው ጨረሱ። "ቅርንፉዱ ልክ ነው አቶ ተሰማ፤ ቀረፋው ግን ትንሽ በዝቷል" አሉ።

የአቶ ተሰማ ፊት በራ። ወደ እኛ ዞረው፣ "ከዚህ ሁሉ ክርስቲያን መሐል የወይን ጠጅ ኮክ የገባቸው ሐጂ ብቻ ናቸው" አሉን።

እኛም አልተቀየምንም፤ መረቁ ገና አላለቀም ነበር።