ያልፈረሰው ዱቄት

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የማይፈርስ ነገር ሁሉ ደግ ነው ያለን ማን ነው? ቦሌ ዙሪያ ፎቅ እንደ አሸን በሚፈላበት ዘመን ይህን የሚያምን ሰው ሞልቶ ነበር። አንዱ ለሚ ኩራ ላይ ብዙ ሕንፃ ያቆሙት ኮንትራክተር፣ ጋሼ ግዛው ናቸው።

ሀብቱ ሲደላደል የሕፃናት ምግብ ፋብሪካ ከፈቱ። የዱቄታቸውንም ናሙና ኢምፔሪያል አጠገብ ወደምሠራበት ላቦራቶሪ ይዘው መጡ። ፕሮቲኑን ለይተን እንደ ጨጓራ አሲድ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ጨመርነው። ምግብ የሚፈጨውን ኢንዛይም አክለን፣ በሰውነት ሙቀት አቆይተን፣ በየመሀሉ እየቀዳን አየነው። ወይ ፍንክች!

«ጋሼ፣ አልፈረሰም» አልኳቸው አንገቴን ደፍቼ።

«ተመስገን!» ብለው ብድግ አሉ። ምን ይፈረድባቸዋል? ዕድሜ ልካቸውን ላቦራቶሪ የሚልኩት ኮንክሪት ነው፤ እዚያ ደግሞ አልሰበርም ያለ ይመሰገናል። እኔ አፌን ሳልከፍት ስልክ ደውለው፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሚሰቀል ባነር አዘዙ፦ «የማይበገር ፕሮቲን ለሕፃናት!»

«ጋሼ፣ ምግብ እኮ ሕንፃ አይደለም» አልኩ። «ሆድ ውስጥ ካልፈረሰ ልጁን አያሳድገውም። ጭራሽ አለርጂም ሊያስነሣበት ይችላል።»

ፊታቸው ጠቆረ። ረጅም ጊዜ ዱቄቱን አዩት። የልጅ ልጆች አሏቸውና ያሰቡት እነሱን መሰለኝ። ቀስ ብለው ስልካቸውን መልሰው አነሡ። ባነሩን ሊያስቀሩት ነው ብዬ በተራዬ ተመስገን አልኩ።

«ስማ» አሉ ለአታሚው፤ «‹ለሕፃናት› የሚለውን አውጣና ‹ለአረጋውያን› በለው።»