ስብሰባ ላይ የዋለው ቱቦ

…መታጠቢያ ቤቱ ሲሠራም እንዲሁ ተሰብስበን ነበር፤ መስኮቱን ማን እንደረሳው ግን እስከ ዛሬ… ይህ ከአጀንዳው ውጭ በመሆኑ ተሰርዟል።

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከቁርስ በኋላ። ቦታ፦ ሳሎን።

የተገኙ፦ አባባ (ሰብሳቢ)፤ ታላቅ ወንድሜ (አንድ ጊዜ ካውያ ጠግኖ «ኢንጂነሩ» የተባለው)፤ የአባባ ታናሽ እህት እትዬ፤ የመብራት ሠራተኛው፤ እኔ (ጸሐፊ)። ግንበኛው ጓሮ ሥራ ላይ ስለሆነ አልተገኘም። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ጓሮ ለሚሠራው የእትዬ ክፍል የሽቦ ቱቦው በመሠረቱ ውስጥ በየት በኩል ይለፍ?

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ እትዬ እስካሁን የሚተኙት እዚሁ ሳሎን ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ የስፌት መኪናቸውም ቴሌቪዥን በተከፈተ ቁጥር ይነቀላል። አዲሱ ክፍል የራሱ መብራት ይኖረዋል። ኮንክሪቱ ዛሬ ስለሚፈስ ቱቦው ከዚያ በፊት መግባት አለበት፤ ከደረቀ በኋላ መሠረት አይበሳም።

ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ስለጀመረ፣ በቤቱ የቆየ ደንብ መሠረት ከዘራውን የያዘ ብቻ እንዲናገር ተወሰነ። ከዘራው ስለጠፋ፣ የመብራት ሠራተኛው በር ላይ ያቆመው ቱቦ በምትኩ ገባ።

ኢንጂነሩ ቱቦውን ተቀብሎ በግራ በኩል ይለፍ አለ። ምክንያቱን ሲጠየቅ ቀኙ ደስ እንደማይለው ገለጸ። ሰብሳቢው ቱቦውን ወስደው፣ ግራው ውሃ እንደሚቋጥርና ልጃቸው የጠገነው ካውያም ሸሚዛቸውን እንዳቃጠለ አስታወሱ። ኢንጂነሩ የሸሚዙ ጉዳይ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ጠየቀ። ከረጅም ውይይት በኋላ እንዲቆይ ተወሰነ።

የመብራት ሠራተኛው ደጋግሞ እጁን ቢያወጣም ቱቦ ስላልያዘ አልተፈቀደለትም። ተራው ሲደርሰው ግን፣ ምናልባት ይህን ያህል ሰው ዝም ብሎ አዳምጦት ስለማያውቅ፣ የመጣበትን ትቶ ስለ ዘረጋው የፎቅ ቤት መስመር ማውራት ጀመረ። ደስ ይል ነበር።

አጀንዳ 2፦ የሲሚንቶ መደባለቂያው ጩኸት። ስብሰባውን ስላወከ መስኮቱ እንዲዘጋ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ዘጋሁት። ግንበኛው ከጓሮ እጁን ሲያወዛውዝ ነበር፤ ሰላምታ መስሎኝ እኔም አወዛወዝኩ።

ወደ አጀንዳ 1 በመመለስ፣ ቱቦው በመሃል እንዲያልፍ ተወሰነ። ተጨበጨበ።

እትዬ ቱቦ ሳይዙ «መደባለቂያው ዝም አለ» አሉ። ከደንብ ውጭ መሆኑ ተነግሯቸው ቱቦው ተሰጣቸው። እቅፋቸው ላይ አጋደሙት።

«ጋሼ» አሉ፣ «ቱቦው እኮ እዚህ ነው።»

አስተያየታቸው ተመዝግቧል። መስኮቱ ተከፈተ። ጓሮው ግራጫና ልሙጥ ሆኗል። ግንበኛው አካፋውን እያጠበ፣ «ስጠራችሁ ስትዘጉብኝ፣ መብራቱ የቀረ መስሎኝ ሞላሁት» አለ።

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ ጭብጨባውን ጨምሮ፣ ተሽሯል። እትዬ እንደ ወትሮው ከመጋረጃው ጀርባ ይቀጥላሉ። ስብሰባው ከምሳ በፊት ተበተነ።

ከተበተነ በኋላ የታየ፦ እትዬ የአባባን ቦት ጫማ አጠለቁ። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቋጠሩ። «ገና እርጥብ ነው» አሉና ወደ ጓሮው በር ሄዱ። ሰብሳቢው ወዴት እንደሆነ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቱቦው ግን እትዬ እጅ ነበር።

በሩ ተዘጋ።