ራውተሬ ላይ የታቀፈችው ዶሮ

በአከራይ ግቢ ውስጥ በተከራይና በዶሮ መካከል ክርክር ከተነሳ ፍርዱ ሁልጊዜ ለዶሮዋ ነው! አትከራከሩኝ። ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ ተከራይ ምን ይጥላል? የሙዝ ልጣጭ። ዶሮ ሲመሽ ማንም ሳይጠራት ትገባለች፤ ተከራይ አምሽቶ በር ያስከፍታል። እኔም እስቴ ወረዳ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ቤት ተከራይቼ በኖርኩባቸው ዓመታት ደረጃዬን ጠንቅቄ አውቅ ነበር... መጀመሪያ አከራዬ እማማ ትርንጎ፣ ቀጥሎ ዶሮዎቻቸው፣ ከዚያ ድመቷ፣ ከዚያ እኔ።

እንየው እባላለሁ፤ በወረዳው መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ! ሥራዬ ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት መንቀልና «ኢንተርኔቱ የት ሄደ?» ለሚሉኝ አለቆች «እየመጣ ነው» ማለት ነው። ባለቤቴ ትዕግስት ደግሞ ደብረ ታቦር ታስተምራለች። ከተጋባን ጀምሮ ትዳራችን ያለው አውቶቡስ ላይ ነው፤ ቅዳሜ ተሳፍሬ እሄዳለሁ፣ እሑድ ተሳፍሬ እመለሳለሁ። ታዲያ አንድ ቀን ደብረ ታቦር የኔትወርክ ባለሙያ እንደሚፈለግ ሰማሁ። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኔትወርክ ሰርተፍኬት። ፈተናው የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው።

«አልፈዋለሁ!» አልኳት ትዕግስትን በስልክ። «ከአሁኑ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቦታ ልቀቂልኝ!»

አያችሁልኝ አፌን?

ባሕር ዳር ያለ ጓደኛዬ አንድ መሥሪያ ቤት ያስወገደውን አሮጌ ራውተርና ሁለት ስዊች ላከልኝ። ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር፣ መንደርን ከመንደር የሚያገናኙ የብረት ሣጥኖች ናቸው። እቤቴ ጥግ ላይ ደርድሬ ሰካኋቸው... ያጓራሉ፣ ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ ይሞቃሉ። የእስቴን ብርድ ለምታውቁ፣ መሞቃቸው ብቻውን ሰርተፍኬት ነው።

እማማ ትርንጎ በሩን በርግደው ገቡ።

«አንተ እንየው! ምድጃ ሰክተሃል!»

«ኧረ እማማ፣ ራውተር ነው።»

መዳፋቸውን አሳረፉበት። «ይሞቃል!»

«ትምህርት ነው እማማ።»

«እኔ የማውቀው ትምህርት አይሞቅም! አራት ልጅ ሳስተምር አንዱም ቆጣሪ አላስሮጠብኝም!»

ከብዙ ልመና በኋላ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ እንድሰካ ተፈቀደልኝ። በቀረው ጊዜ የማጠናው በካርድ ነው። ከሳሙና ካርቶን እየቆረጥኩ በአንድ በኩል ጥያቄ፣ በሌላ በኩል መልስ እጽፋለሁ። የገቡኝን ካርዶች ኪሴ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ፤ ያልገቡኝን፣ በተለይ የኔትወርክ አድራሻ የሚከፋፈልበትን ያንን ራስ የሚያዞር ስሌት፣ ራውተሩ ላይ ባስቀመጥኩት ባዶ የብስኩት ካርቶን ውስጥ እከታለሁ። ኪሴ ቀሏል፣ ካርቶኑ ሞልቷል። ከዚህ በላይ ስለ እውቀቴ የምነግራችሁ የለኝም።

በዚህ መሃል «ወገዳ ከተማ ያሉት ኮምፒውተሮች አልገናኝ ብለዋል፣ ሄደህ እርዳ» ተባልኩ። መንገዱ ኩላሊቴን ከጉበቴ ጋር እያላተመ አደረሰኝ። ወገዳ ስወርድ ምን ትዝ ቢለኝ ጥሩ ነው? ራውተሩን አልነቀልኩትም! እማማ ትርንጎ ከሰሙ ዕቃዬን ከደጅ ነው የማገኘው። ለማንም ትንፍሽ ሳልል፣ ቶሎ እመለሳለሁ እያልኩ ሁለት ሳምንት ቆየሁ።

ስመለስ እማማ ግቢው መሃል ቆመው ያለቅሳሉ።

«ቀይዋ ዶሮዬ ጠፋችብኝ! ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኗን አላየሁም! ሸለምጥማጥ ነው የበላብኝ!»

አፅናናኋቸው። ከዚያ ቁልፌን ከፍቼ ስገባ... በስመ አብ! ቀይዋ ዶሮ የራውተሬ ጌታ ሆና፣ ካርቶኑ ውስጥ፣ ካርዶቼ ላይ፣ እንቁላሎቿን ታቅፋ ተቀምጣለች። መስታወቱ በተሰበረው መስኮቴ ስትገባ ስትወጣ ከርማለች ለካ! ሙቀቱን አገኘችው፤ ሳር የለም፣ ካርድ ግን ሞልቷል።

እማማ ከኋላዬ ደረሱ። «ቀይዋ! በሕይወት አለሽ?» እጃቸው ካርቶኑ ሥር ገባ። «ሞቋል...» አሉ ቀስ ብለው። እኔ ልብሴን የማጥፍበትን ሻንጣ በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ።

«እንየው!»

«አቤት እማማ።»

«ይኸን ነገር እንዳትነቅለው! ከነቀልከው አልለቅህም!»

እንግዲህ ፈተናዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ዶሮም የምትታቀፈው ሦስት ሳምንት ነው። ራውተሩን አጥፍቼ ማብራት አልችልም፣ ይበርዳታል። ገመድ መንቀል አልችልም፣ ትደነግጣለች። ካርዶቼንማ እርሱት! እጄን ስሰድ ላባዋን ነፍታ በአፏ ወጋችኝ። ጥሬ ልትለቅም ስትወጣ ጠብቄ በማንኪያ ጫፍ አንድ ካርድ ፈልቅቄ አወጣሁ። እንዳይነበብ አድርጋዋለች። በኩስ መሃል የቀረችውን አንዲት መስመር አጥርቼ ሳይ ድሮም የማውቃት ነች!

«የሰው እጅ ከሸተታት ትታቸው ትሄዳለች! እንቁላሉ ቢገማ አንተ ነህ ተጠያቂው!» አሉ እማማ ከበሩ ላይ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጋቢዬን ከአልጋዬ ገፈው ዶሮዋን ያለብሷታል። ትዕግስት ቅዳሜ መጥታ አይታ ትፈርድልኛለች ብዬ ነበር። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ከዚያ ለዶሮዋ ውሃ አቀረበች።

አዲስ አበባ ሄጄ ተፈተንኩ። ገና የመጀመሪያው ጥያቄ የአድራሻ ክፍፍል! ሁለተኛውም! ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ካርዱ አይደለም፣ ዶሮዋ ናት። ወደቅሁ። ውጤቱ በየክፍሉ ተዘርዝሮ ተሰጠኝ፤ ኪሴ ውስጥ የነበረውን አልፌያለሁ፣ ዶሮዋ ሥር የነበረውን ወድቄያለሁ።

መካነ ኢየሱስ ስደርስ ከግቢያችን እልልታ ይሰማኛል። ያለፍኩ መስሏቸው ነው... እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?

«እማማ፣ ይቅርታ፣ አላለፍኩም...»

«ማን ስላንተ ጠየቀህ? አሥራ አንድ ጫጩት!»

በማግስቱ ለትዕግስት ደወልኩላት። ምን ላርግ፣ አፈርኩ፤ የሴት ልጅ ቁም ሳጥን አስለቅቄ! ያው ሰው ሲያፍር ሰበብ ይፈልጋል አይደል? «ዶሮዋ ናት የጣለችኝ» አልኳት።

ስትመልስልኝ ድምጿ ውስጥ ሳቅ አልነበረም።

«እንየው፣ ዶሮዋን ተዋት። እሷ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። አንተ አንድ ካርድ አንብበህ ሻይ ትወጣለህ፣ ሁለት አንብበህ ኳስ ታያለህ። በየሳምንቱ እሑድ መናኸሪያ ቆሜ ስሸኝህ እኔም ይከፋኛል እኮ...»

ካርቶኑን አራገፍኩ፣ ካርዶቹን እንደ አዲስ ጻፍኩና ቀይዋ በለቀቀችው ጥግ፣ ራውተሩ አጠገብ በርጩማዬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ከሥራ መልስ ሻይ የለ፣ ኳስ የለ። እማማ መጀመሪያ ታምሜ መስሏቸው ነበር። በኋላ ጎረቤት ቡና ልትጠራኝ ስትመጣ ከደጅ ይመልሷታል።

«ቀስ በይ፣ እንዳታስነሺው! ታቅፏል።»

ቆጣሪው ይሩጥ አይሩጥ አንድ ቀን አላነሱብኝም። እንዲያውም መብራት ሲጠፋ ጋቢዬን አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጣል ያደርጉልኝ ጀመር።

በሁለተኛው ፈተና አለፍኩ! ነገርኳቸው። ሰርተፍኬት ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ለጎረቤቱ ሁሉ «ፈለፈለ! እንየው ፈለፈለ!» ብለው እልልታቸውን አቀለጡት።

የደብረ ታቦር ዝውውሬ አልቆ ዕቃዬን የጫንኩ ዕለት እማማ ትርንጎ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ እግሯን ያሰሯትን ቀይዋን ዶሮ አቀበሉኝ። «ውሰዳት፤ ሌላ ፈተና ካለብህ ታሳይሃለች» አሉኝ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

ደብረ ታቦር መናኸሪያ ስወርድ ትዕግስት ከሩቅ አየችንና ሮጠች። ዶሮዋን በአንድ እጄ፣ ሻንጣዬን በሌላው ይዤ ነበር። ስንቱን ቅዳሜና እሑድ የተንከራተትኩለት ቀን ነው! ሻንጣዬን መሬት ጥዬ ክንዴን ዘረጋሁ።

«ነይ የኔ ጎበዝ!» ብላ ዶሮዋን ተቀበለችኝ።