ሊቀ ንባብ ዘትከሻ

ከሰው ኋላ ቆሞ በትከሻ ላይ አሻግሮ የሚያነብ ሠራተኛ የሌለበት መሥሪያ ቤት እስካሁን አልተከፈተም። ቢከፈትም በማግስቱ ይቀጠርበታል።

እናንተም ታውቁታላችሁ። አውቶቡስ ውስጥ ስልካችሁን ከእናንተ ቀድሞ አንብቦ ጨርሶ፣ ገጹን ወደ ታች እስክታወርዱለት የሚጠብቀው እሱ ነው። ባንክ ቤት ወረቀት ስትሞሉ «የአባት ስም እዚህ ጋ ነው» የሚላችሁም እሱ ነው። ክፋት የለበትም። ፊደል ባለበት ዓይኑ ማለፍ አይችልም፤ ዓይኑ ያረፈበትን ደግሞ አፉ አያሳልፍም።

እኔ ከዚህ ፍጡር ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር። ዓይነ ሥውር ነኝ። በአንድ የደም ባንክ ውስጥ የዳታቤዝ ፎርም እሠራለሁ፤ ነርሶቹ የለጋሹን ስም፣ ዕድሜና የደም ዓይነት የሚሞሉበትን ማለቴ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም አለ፤ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ በኪቦርድ ብቻ እሠራለሁ። ስክሪኑን አጥፍቼው ነው የምውለው፤ በርቶስ ለእኔ ምን ሊያደርግልኝ? በጠፋ ስክሪን ላይ ደግሞ ማን ምን ያነባል ብዬ ተዝናንቼ ተቀመጥኩ።

ለካ ሊቀ ንባብን አላውቃቸውም ነበር።

ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ሙሉው «ሊቀ ንባብ ዘትከሻ» ነው። በደመወዝ መክፈያው ላይ ግን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ጡረታቸው ተቃርቧል፤ ጠረጴዛቸው ከእኔ ኋላ ነው። ፊት ለፊት ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው እህት ዓለም ይሉኛል።

ገና በመጀመሪያው ሳምንት መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ይሰማኛል። «እህት ዓለም፣ ምን አገባኝ፤ ግን ስክሪንሽ ጠፍቷል» አሉኝ። አውቄ ነው ያጠፋሁት አልኳቸው። ጥቂት አሰቡበትና፣ ሰው በጨለማ እንዴት ይሠራል ብለው አበሩት። በማግስቱ አጠፋሁት፤ አበሩት። ሳጠፋ ሲያበሩ ሳምንቱ አለቀ፤ በመጨረሻ የመብራቱን ሒሳብ መሥሪያ ቤቱ ይቻለው ብዬ እጄን ሰጠሁ።

«ምን አገባኝ፤ ግን» የክቡርነታቸው መግቢያ ናት። ከዚያች በኋላ የማይገቡበት ነገር የለም። ለእናቴ የጻፍኩትን መልእክት አንብበው «ጉንፋኑ ተሻላቸው ወይ?» ብለው የጠየቁኝ ጊዜ አለ። እናቴ ጉንፋን እንደያዛት ከእኔ ቀድመው ያወቁበትም ጊዜ አለ።

የሚታየውን አንብበው ሲጨርሱ የማይታየውን ፈለጉ። «ምን እያለችሽ ነው?» አሉ፤ የፕሮግራሙ ድምፅ የሴት ነው። ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቤ ተቀመጡና ከጆሮ ማዳመጫዬ አንዱን ነቅለው በገዛ ጆሯቸው ሰኩ። እኔ ድምፁን አሩጬ ነው የምሰማው፤ ላልለመደው ሰው ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ንብ ማለት ነው። «እብድ ናት» ብለው መለሱልኝ። በማግስቱ ግን ራሳቸው መጥተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ ወዲያ ግራ ጆሮዬ የእኔ አልነበረም።

አንድ ቀን «የለጋሽ ስም፣ መጻፊያ፣ ባዶ» ስትል ሰምተው ተቆጡ። ባዶ መሆኑ እየታየ ምን ያናግራታል አሉ። ለማን ነው የሚታየው ጋሼ አልኳቸው። «ልክ ነሽ፤ ትናገር» አሉ፣ ፈቃድ ሰጪው እሳቸው ይመስል።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የሚያይ ሰው ከሳጥኗ አጠገብ «ስም» የሚል ካየ ይበቃዋል። ለእኔ ግን ቃሉ ከሳጥኗ ጋር ካልታሰረ ማሽኗ «መጻፊያ፣ መጻፊያ፣ መጻፊያ» እያለች ታደርቀኛለች፤ የቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ሳጥን ስም አወጣለሁ፣ ተራዋን አስይዛለሁ። መልኳን ደግሞ በቁጥር ነው የምሠራው፤ ከግራ ይህን ያህል፣ ከላይ ይህን ያህል እያልኩ። ይህን ሁሉ ሠርቼ ስጨርስ ከኋላዬ «ምን አገባኝ፤ ግን አራተኛዋ ዘምማለች» ይላሉ። ቁጥሩን ስፈትሸው እውነታቸውን ነው። ሰው ባልተጠራበት ሲገባ ያናድዳል፤ ገብቶ ልክ ሲሆን ደግሞ ያንገበግባል።

እዚህ ድረስ ጨዋታ ነው። ዘንድሮ ግን አዲስ ኃላፊ መጣና ነገሩ መረረ።

እኔ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ለስልክ ቤት፣ የሚደወለውን ተቀብዬ ለማገናኘት ነው። ዓይነ ሥውር ሲቀጠር ለሰው የሚታየው ወንበር ያው የስልክ ቤት ወንበር ነው። ፎርም መሥራት ተምሬ፣ ለምኜ፣ ተከራክሬ ነው ወደ ዳታቤዝ ክፍል የተሻገርኩት። አዲሱ ኃላፊ ጨዋ ሰው ነው፤ ክፉ ቃል አይወጣውም። አስጠርቶኝ፣ አዲሱ የለጋሾች ፎርም ነርሶቹ ባሉበት ይፈተናል አለኝ። ካለፈ ባለሽበት ትቀጥያለሽ፤ ካላለፈ ሥራው ለውጭ ድርጅት ይሰጥና አንቺ ወደ ስልክ ቤት ትመለሻለሽ። «ላንቺም ይቀልሻል» ብሎ ጨመረበት። ያቺን «ይቀልሻል» እስከ ፈተናው ቀን ሳመላልሳት ሰነበትኩ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ጋሼን ለብቻቸው ጠርቼ፣ ዛሬ የስብሰባው ክፍል እንዳይገቡ ለመንኳቸው። ምክንያቱን አልደበቅኳቸውም። አጠገቤ ከታዩ፣ ሠሪው እሳቸው ናቸው፣ እሷ ስሟን ብቻ ነው ያዋሰችው ይባላል። «ምን አገባኝ» አሉ። ዛሬ «ግን» አልተከተለችም። ቅር እንዳላቸው ገባኝ፤ የማባብልበት ጊዜ ግን አልነበረኝም።

ክፍሉ ውስጥ ኃላፊው፣ የደም መስጫ ክፍሏ አለቃ ሲስተርና ነርሶቿ ተቀምጠዋል። የራሴን ኮምፒውተር ይዤ ገባሁ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ንባቡን ቀስ አድርጌዋለሁ። ማሽኗ «የለጋሽ ስም፣ መጻፊያ፣ ባዶ» አለች። ደስ አለኝ። ከዚያ አንዱ የፕሮጀክተሩን ገመድ ሰካ።

ጸጥ አለች።

የሆነው ወዲያው ገባኝ። ገመዱ ምስሉን ብቻ አልወሰደም፤ ድምፁንም ጠቅልሎ ወደ ፕሮጀክተሩ ይዞት ሄደ። ፕሮጀክተሩ ደግሞ ድምፅ ማጉያ የለውም። ድምፁን ለመመለስ ማስተካከያውን መክፈት አለብኝ፤ ማስተካከያውን ለመክፈት ድምፅ ያስፈልገኛል። በልምምዴ ሁሉ ነገር አስቤ ይቺን አላሰብኩም፤ የጆሮ ማዳመጫዬንም ጠረጴዛዬ ላይ ትቼው መጥቻለሁ። ገመዱ ይነቀልልኝ አልኩ። «ታዲያ እኛ ምን እናይ?» አለ ኃላፊው። ይህን ማስተካከል የሚያውቀው ልጅ ፈቃድ ላይ ነው ተባለ።

በቃል እሠራዋለሁ አልኩ። ሳጥኖቹን ተራ ያስያዝኳቸው እኔ አይደለሁ? ስም ሞላሁ፣ ወደ ቀጣዩዋ ሳጥን የምታሻግረውን ታብ ተጫንኩ፤ ዕድሜ ሞላሁ፣ ታብ። ነርሶቹ ማንሾካሾካቸውን ተዉ። ሲስተር ግን ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት፤ ለወሬ አልመጣችም። ባለፈው ወር ደም የሰጠ ሰው ዛሬ ተመልሶ መጣ እንበል፣ እስቲ እሱን መዝግቢው አለችኝ። ፎርሙ እንዲህ ያለውን ሰው መመለስ አለበት። የመጨረሻ ልገሳውን ቀን አስገባሁና ታብ ተጫንኩ።

አሁን ማስጠንቀቂያ መውጣት አለበት። ወጥቷል? አላውቅም። እንተር ብጫን፣ ማስጠንቀቂያው ካለ ይዘጋል፤ ከሌለ ደም መስጠት የሌለበትን ሰው ይመዘግብልኛል። ጣቴ እንተር ላይ ቀረ። ማንም አይናገርም፤ ፈተና ነዋ። ሰው በሞላበት ክፍል እንዲያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

«የሚያይ ሰው ቢነካልሽስ?» አለ ኃላፊው። በደግነት ነው፤ እሱ ነው የባሰው። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ ወደ ኪቦርዴ እየመጣ ነው። ስልክ ቤቱ ታየኝ።

«ማስጠንቀቂያ። ለጋሹ ከሰጠ ሦስት ወር አልሞላውም። እሺ፣ አዝራር።»

ድምፁ የመጣው ከበሩ በኩል ነው። የማን እንደሆነ አውቄ አላወቅኩትም፤ የሊቀ ንባብ ነው፣ ግን ልክ እንደ ማሽኔ ደረቅ ያለ። እዚያ ጋ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ግራ የለ፤ ምን አገባኝ የለ። እኔ ያለሁበትን ቦታ ብቻ፣ ማሽኔ በምትለው ቃል፣ በምትለው ቅደም ተከተል። ክፍሉ አይግቡ ተባሉ እንጂ በሩ ላይ አይቁሙ አልተባሉም፤ ለካ በበሩ መስታወት ግድግዳው ላይ የበራውን ሲያነቡ ቆይተው አሁን በሩን ገርበብ አድርገውታል።

እንተር ተጫንኩ። «የመጨረሻ ልገሳ ቀን፣ መጻፊያ» አሉ።

ኃላፊው አስቆማቸው። እሳቸው ካነበቡላት ፈተናው የእሷ አይሆንም አለ። የፈራሁት ደረሰ። ዝም ብል ስልክ ቤት ነኝ፤ ብቀበላቸው የእሳቸው ጥገኛ ነኝ። ወደ ኃላፊው ዞርኩ።

«ማሽኔ ድምፅ አጥታለች፤ ጋሼ የሷን ቦታ ይያዙልኝ። እጃቸውን ኪሳቸው ይክተቱ። እሷ ከምትለው አንድ ቃል ከጨመሩ ጣሉኝ።»

ሲስተር ይቀጥሉ አለች። ቀጠልን። እኔ እጫናለሁ፣ እሳቸው ይላሉ። ሲስተር የማይሆን ዕድሜ ሰጠችን፤ ፎርሙ መለሰው። የደም ዓይነቱን ዝለይው አለች፤ ፎርሙ አላሳልፍም አለ። አንድ ቃል አልጨመሩም። ያን ያህል ጊዜ ሳይጨምሩ የቆዩበትን ቀን በሕይወታቸው የሚያስታውሱ አይመስለኝም።

ሊያልቅ ሲል ኃላፊው፣ አንድ ነገር ቀርቷል አለ። «ጋሼ፣ አሁን እንደሚያይ ሰው ይንገሩን። ፎርሙ ላይ የሚታይ ጉድለት አለ?»

ጠዋት የደም ዓይነት ሳጥኗን ትንሽ አንቀሳቅሻት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሯን አልፈተሽኩም። አንዲት «የለም» ብቻ ናት የቀረችኝ። በልቤ ለመንኳቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምን አገባኝ፤ ግን የደም ዓይነት ዘምማለች።»

ክው አልኩ። ኃላፊው በረጅሙ ተነፈሰ፤ «እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነበር» አለ፤ «የማያይ ሰው መልኩን እንዴት ያውቃል?» ተናድጃለሁ። ቢሆንም ፎርሙ የሚሠራበትን፣ የሳጥኖቹ ቁጥር የሚታይበትን ገጽ ከፈትኩና ወደ ሳጥኗ ሄድኩ። ጋሼ «ከግራ፣ አራት ነጥብ ሦስት» አሉ። ወደ ላይኛዋ ሄድኩ፤ «ከግራ፣ አራት»። ወደ ታችኛዋ፤ «ከግራ፣ አራት»። ተመለስኩ፣ አራት ጻፍኩ፣ እንተር።

«አሁንስ?» አልኩ።

«ቀጥ ብላለች።»

ከዚያ ሲስተር ኃላፊውን፣ ያ የውጭ ድርጅት ይቺን ሳጥን ለማቅናት የስንት ቀን ቀጠሮ ይሰጠን ነበር ብላ ጠየቀችው። ነርሶቹ ሳቁ። ኃላፊው አልሳቀም፤ ወረቀቱን ሰብስቦ ፎርሙ ሥራ ላይ ይዋል አለ። ለስልክ ቤት ሌላ ሰው ይፈለግ አለ። ጨዋ ነው ብያችሁ የለ? ሊወጣ ሲል መጥቶ እጄን ጨበጠኝ።

ከጋሼ ጋር ወጣን። ኮሪደሩ ላይ ተናደድኩባቸው፤ ፍርሃቱ ሲለቀኝ ንዴቱ ቀረ። ለምን ነገሩብኝ አልኳቸው።

«ዘምማ ነበራ» አሉ።

ሌላ ምንም አልጨመሩም። ዝም ብለው መሄድ የእሳቸው አይደለም፤ አመማቸው እንዴ ብዬ ቆምኩ። «ምን ሆኑ?» ስላቸው «ፈርቼ ነበር» አሉ። እኔም ፈርቼ ነበር አልኳቸው።

«ስልክ ቤት እኮ ስክሪን የለም» አሉ።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ምን ብዬ እመጣለሁ?»

መዝገብ ቤቱ ወደ ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ ፋይል ፈልጎ ወደ ጠረጴዛቸው የሚመጣ ሰው የለም። ያስቀሩባቸው የእኔው ፎርሞች ናቸው። ይህን እስከዚያች ሰዓት አስቤው አላውቅም።

«ስልክ ቤትም ቢሆን ሁለተኛ ወንበር አይጠፋም ነበር፤ ጋሼ» አልኳቸው።