ካሜራውን ማን ይዞት ነበር?

አክስቴ ወደ ኋላ ነው የወረደችው! ወደ ኋላ!! ያን ሁሉ ቁልቁለት፣ ቀሚስ ለብሳ፣ ትከሻዋ ላይ ድንጋይ የሚያህል ካሜራ ተሸክማ፣ በስኬትቦርድ፣ አንዴም ዞር ብላ ሳታይ!

ቆይ ቆይ፣ ዜና መዋዕል እንዲህ አይጀመርም። በደንቡ ልጀምር።

ዝንቱ ውእቱ ዜናሃ ለአክስቴ። በዘመነ ጎማው፣ እሱ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ ትምህርት በተዘጋ፣ የሰፈራችን ባለፎቅ መኪና ማቆሚያ ሊፍት እንደገና በተበላሸበት ወር እንዲህ ሆነ። ጎማው ማለት የሰፈራችን የስኬትቦርድ ልጆች አለቃ፣ መኪኖች ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚወርዱበት የመውረጃው ጌታ፣ ኮፍያውን አዙሮ ደፊ፣ ቀድሞ የተቀደደ ሱሪ በውድ ገዢ ነው። ዜና መዋዕል ነውና አንቱ ልለው ይገባ ነበር። አልለውም። አንቱታው ለአክስቴ ነው፤ ቤት ውስጥ አንቺ ብላትም እዚህ ግን አንቱ ናቸው።

ጎማውም ከማቆሚያው አናት ቆሞ እንዲህ ሲል አወጀ፦ “ስሙ! ጆሮው ላይ የሰካ ይንቀል! ይህን መውረጃ መጀመሪያ የወረዱት ወንዶች ናቸው፣ ማስረጃውም ፊልሙ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ሴት አትወርድም። ጃኬት ትያዝ። ደግሞ ደጎች ነን፣ ማጨብጨብ ትችላለች።”

በዓመት አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው ጥበቃው መውረጃውን ከመኪና የሚያጸዳልን። በሌላ ቀን የሞከረ ከመኪና ጋር ይሳሳማል። እኔ ደግሞ ለዚያች ቅዳሜ ስል እረፍቱን ሙሉ ጉልበቴን ስልጥ ከርሜያለሁ። ገባችሁ? ጃኬት!

ፊልሙ የተባለው ደግሞ ከሃያ ዓመት በፊት አራት ጎረምሶች ከላይኛው ፎቅ እስከ ታች ሲወርዱ ያሳያል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊታቸው ይታያል፤ አንዱ እናቱን እየጠራ፣ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንዱ አፉን እንደ ጋራዥ በር ከፍቶ። አፉን የከፈተው የጎማው አባት ነው። የጎማው ንግሥና የመጣው ከዚያ አፍ ነው እንግዲህ። ልጆቹ ይህን ፊልም በየዓመቱ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩታል፣ ማን እንደቀረጸው ግን አንዳቸውም፣ አንዳቸውም! ጠይቀው አያውቁም። ካሜራው በራሱ የሚበር መስሏቸው ይሆናል።

ወእምዝ፣ ቅጂውን ቤት ቁጭ ብዬ በስልኬ ሳይ፣ ክብርት አክስቴ፣ የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ፣ እመ ፍሬን፣ በእሳቸው ጩኸት የማይቆም መኪና የሌለ፣ ካልሲ እየፈለጉ ከኋላዬ መጡና አወጁ፦ “ውይ፣ እግራቸው ከምስሉ ተቆርጦብኛል። ያኔም ተናድጄ ነበር።”

ካልሲያቸውን አገኙና ሊሄዱ! ልብሳቸውን ጎትቼ አስቀመጥኳቸው። ለካ ያኔ ሰርግ ቀራጭ ዘንድ ይሠሩ ኖሯል፤ ካሜራውም የዚያ ቤት ነው። ጎረምሶቹ ፊታችን ይታይ አሉ። ፊት እንዲታይ ቀራጩ ከፊት መሆን አለበት፤ ከፊት ሆኖ እነሱን ለማየት ደግሞ ወደ ኋላ መውረድ ነው። ይህን የሚችል ከመካከላቸው ስላልነበረ አክስቴ ወረዱ። በቃ። ዳቦ ገዝቼ መጣሁ እንደማለት ነው የነገሩኝ።

በማግሥቱ ዘመትኩ። ከእኔም ጋር የዘመቱት፣ በቀኝ ጥርሷን በብረት ያሰረችው ጓደኛዬ፣ የፕሮጀክተር ገመድ ተሸካሚ፤ በግራ ሁሌ ተኳርፈው ሁሌ አብረው የሚሄዱት መንትዮች፤ በኋላ የጎረቤታችን ትንሽ ልጅ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ከነቺፕሷ። ወንዶቹ በጥበቃዎቹ አሮጌ ክፍል ግድግዳው ላይ ፊልሙን ከፍተው አገኘናቸው። አራቱ ወደ መጨረሻው መታጠፊያ ሲደርሱ፣ ፀሐይዋም ከካሜራው ጀርባ ስትሆን፣ አውራ ጣቴ፣ ጀግናዋ ጣቴ፣ ላፕቶፑ ላይ ወረደችና ፊልሙን ቀጥ አደረገችው።

አስፋልቱ ላይ ጥላ አለ። ቀሚስ። ትከሻ ላይ ካሜራ። ከእግር ሥር ስኬትቦርድ።

“ዛፍ ነው!” ብሎ አወጀ አንዱ። ቀሚስ ለብሶ ቁልቁለት የሚወርድ ዛፍ!

“መኪና ላይ ሆና ነው!” አወጀ ሌላው። መኪናው የታለ? ቦርዱ እኮ ፊቱ ተገትሯል!

እኔም እንዲህ ስል አወጅኩ፦ “ስሙ! ይህ ጥላ የአክስቴ ነው። ፊታቸው የታየው ካሜራው ከፊታቸው ስለነበረ ነው። ታዲያ እናንተ የምትሰግዱላቸው ሰዎች ታች ሲደርሱ፣ ቀድሞ የደረሰው ማነው?”

ትንሿ ልጅ ቺፕሷን ኮረሸመች።

ጎማውም አሰበ፤ ማሰቡ ከግንባሩ ይታይ ነበር። ከዚያም አወጀ፦ “እሺ፣ ታሪክ ይታረም። አክስትሽ ጎበዝ ቀራጭ ነበሩ። ስለዚህ ቅዳሜ አንቺ ትቀርጪናለሽ፤ ወደ ኋላ እየወረድሽ። እግራችንን እንዳትቆርጪው።” ብሎ የወንድሙን ካሜራ እጄ ላይ አኖረ፣ ሁሉም ለገዛ ደግነታቸው አጨበጨቡ። ኧረ ተዉኝ!

ለአክስቴ ስነግራቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። “ያኔ ታች ስንደርስ፣” አሉ፣ “ሁሉም የጠየቁኝ ‘ካሜራው ደህና ነው?’ ብለው ነው።”

ሰላም ለተረከዝሽ አክስቴ፣ ያላየውን ቁልቁለት ላወቀ! ሰላም ለትከሻሽ፣ አራት ጎረምሳ ተሸክሞ ላልተንቀጠቀጠ! ሰላም ለቀሚስሽ፣ ጎማ ውስጥ ላልገባ!

ካሜራው ይኸው አልጋዬ ላይ ነው። ከያዝኩት እወርዳለሁ፣ ሁሉንም ቀድሜ፣ ግን የትም አልታይም። እምቢ ካልኩ ጃኬት ያዥ ነኝ። ወይስ መሃል ላይ፣ ፊታቸውን አሳምረው ሲጠብቁ፣ ሌንሱን ወደ ራሴ ላዙረው? መንትዮቹ አዙሪው ይላሉ፣ ባለብረት ጥርሷ ደግሞ ካሜራውን ለትንሿ ልጅ ሰጥተሽ ባዶ እጅሽን ውረጂ ትላለች፣ አክስቴ ያዩኛል ብቻ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቶሎ በሉ፣ ቅዳሜ ነገ ነው!