የማይካፈለው የሙክታር ቁጥር

እኛ ጅቡቲ የምንኖር አበሾች የምንንቀው ብዙ ነው፤ ከልባችን የምናከብረው ግን ቆንጆ የስልክ ቁጥር ነው። ሰውየው ሐቀኛ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አሃዞቹ ይደጋገማሉ? እንግዲያው ጨዋ ነው፣ ልጃችሁን ስጡት። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩትን እኔን ይህ ያቅለሸልሸኛል። እናንተን ካላቅለሸለሻችሁ፣ ቆንጆ ቁጥር አላችሁ ማለት ነው።

ካርቲየ 2 ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱት የድሬዳዋው ሐጂ ዩሱፍ ልጃቸውን ነጂማን ሁለት ሰው ለትዳር ጠየቃቸው። አንዱ ስልኩ አራት አሃዝ ሁለት ጊዜ የሚደጋግም የመኪና ዕቃ አስመጪ ነው። ሌላው ነጂማ የምትወደው ሙክታር፣ ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ የመጋዘን ጸሐፊ ነው። ሐጂ የሙክታርን ቁጥር አዩና፣ ነገ ወደ የመን የሚሻገር መንገደኛ ቁጥር ነው ብለው መለሱት።

ነጂማ ተማሪዬ ነበረች፤ ሽማግሌ ይሁኑልኝ ብላ መጣች። እኔም በንዴት የሙክታርን ቁጥር ማካፈል ጀመርኩ። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም ያለ ቀሪ የማይካፈል ነው። ይህን ለማረጋገጥ፣ ከራሱ ጋር ሲባዛ የስልኩን ቁጥር እስከሚያክለው ቁጥር ድረስ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሞከር ነው። ለስምንት አሃዝ ከሺህ ይበልጣሉ። ኮምፒውተር ባንዴ ይሠራዋል አሉኝ፤ ንቄ በእስክሪብቶ አራት ቀን ፈጀሁ። አንዱም ያለ ቀሪ አላካፈለውም።

በሐጂ የጫት በርጫ ላይ ተነስቼ አስረዳሁ። አራት አሃዝ ሁለት ጊዜ የሚደጋግም ቁጥር ሁሉ፣ የአስመጪውም ጭምር፣ ለሰባ ሦስትም ለመቶ ሠላሳ ሰባትም እጁን ይሰጣል፤ የሙክታር ግን ለማንም።

ሐጂ ማመንዠካቸውን አቆሙ። «ለማንም?»

«ለማንም።»

የነጂማና የሙክታር ኒካ ለጁምዓ ተቆረጠ። በርጫው ላይ የነበሩት ሁሉ የኔንስ እያሉ ስልካቸውን ደቀኑብኝ። ከመካከላቸው የሁለት ሰዎች ቁጥር በተጋማሽ አሃዝ የሚያልቅ ስለነበር ማስላትም አላስፈለገኝ፤ ለሁለት ይካፈላል ብላቸው አኩርፈው ሄዱ። ተራ ቁጥር ብለው ያፌዙ የነበሩት ሰዎች የሙክታርን ቁጥር እንደ ዱዓ በቃላቸው አጠኑት። ሒሳብ ገባቸው እንዳትሉኝ፤ ቆንጆ የሚሉትን ቁጥር ለወጡ እንጂ።

ሐሙስ ከሰዓት ለኒካው ልንመካከር ሐጂ ቤት ተቀምጠን ሙክታር ቀረ። ነጂማ ደወለች፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። አቤት ያለው አስመጪው ነው። ቁጥሩን ትናንት ከሙክታር ገዛሁት አለ፣ በልጁ የስድስት ወር ደሞዝ፤ ልጁም በዛሬው ባቡር ድሬዳዋ ገብቷል።

ሐጂ ቁጥሩ በመጨረሻ ሁነኛ ሰው እጅ ገባ ብለው አላህን አመሰገኑ፤ የጁምዓው ቀጠሮም ከአስመጪው ጋር እንዳለ ይሁን አሉ። ነጂማ አባቷን ትታ ወደ እኔ ዞረች።

«መምህር፣ ቁጥሩን አራት ቀን ፈተሹት። ልጁን ምን ብለው ጠየቁት?»

ምንም አልጠየቅሁትም ነበር።